አበጋር አሊዪና ያልተመለሱት ጠበንጃዎች

አሊዪ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ባጠረ፣ ፍርዱም በቀለለ። ክፉን ሰው የይፋት ቆላ ያውቅበታል፤ ወይ ይሸሸዋል፣ ወይ ይቀጣዋል። አስቸጋሪው ደግ የሚባል፣ ደግነቱንም ራሱ ያመነበት ሰው፣ አንድ ቀን የገዛ እጁን ሥራ ቆሞ ሲያይ የሚደርስበት ነገር ነው።

አሊዪ አበጋር ነበር። አበጋር በቀወትና በአካባቢው ቆላ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሰው ነው፤ ሹመቱ ከአባት ይወረሳል እንጂ ከመንግሥት አይመጣም። ሰው የሞተበትም ሰው የገደለም፣ ድንበርና ውሃ ያጣላውም፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ አርጎባ ይሁን ኦሮሞ ወይም አማራ፣ ወደ አበጋር ደጅ ይመጣል። አሊዪ በወጣትነቱ ከአሊዩ አምባ ገበያ ጨው በግመል እያስጫነ ይነግድ ነበር። አባቱ ሲሞት ግመሎቹን ሸጦ በሮቢ ወንዝ ዳር ወዳለችው የማሽላ ማሳ ገባ፣ የአባቱንም የወይራ ዱላ ተረከበ። ሚስቱ ሩቂያ ትባላለች፤ ዱላውን ወደፊት የሚወርሰው ልጃቸው ሷሊሕ ነው። ለማያውቀው ሰው ዱላው እንደማንኛውም ዱላ ነው፤ እጀታው በስንት አባቶች መዳፍ ከመለስለሱ በቀር ምንም የተለየ ነገር የለበትም። ሆኖም አሊዪ እርሱን ይዞ በመካከል ሲቆም የተፋጠጡ ሰዎች አፈ ሙዛቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የእርቁ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ከሮቢት ገበያ ሜዳ ጥግ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ አሮጌ ዋርካ አለ። የተጣሉት ወገኖች እዚያ ሥር ይሰበሰቡና መሣሪያቸውን መሬት ላይ ያጋድማሉ። አበጋሩ ዱዓ ያደርጋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን ይላል። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች የተጋደመውን መሣሪያ ተሻግረው ይምላሉ። በመጨረሻ አበጋሩ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ጠበንጃ በገዛ እጁ ያነሣና ለባለቤቱ ይመልሳል። እርቁ የሚያልቀው መሐላው ሲፈጸም ሳይሆን ያን ጊዜ ነው፤ መሣሪያህን የመለሰልህ አምኖሃልና፣ የታመነ ሰውም በሰላም አገር አይተኩስምና። «ጠበንጃ ያልተመለሰበት እርቅ ምርኮ ነው» ይላሉ የቀወት ሽማግሌዎች።

አበጋሩም ለራሱ ሕግ አለው። ቃሉ የፈረሰበት አበጋር ዱላውን እዚያው ዋርካ ሥር አጋድሞ ይሻገረዋል፣ ትቶትም ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የእርሱም የልጆቹም ቃል ማንንም አያስገባም፣ ማንንም አያስታርቅም። አሊዪ ይህን ከአባቱ ሰምቶት ነበር፤ ሲደረግ ያየ ሰው ግን አያውቅም።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ መግቢያ፣ የሮቢት ጦር ሰፈር አዛዥ የሆነው ካፒቴን አሊዪን አስጠራው። በዚያ ወቅት ከደብረ ሲና በታች ባለው ገደል ውስጥ የመሸጉ አርበኞች ነበሩ። አለቃቸው ይልማ የሚባል የቀወት ገበሬ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ተሰማም አብሮት ነበር። ከጣርማ በር የሚወርደውን ካሚዮን አድፍጠው ይመታሉ፤ ጣሊያንም በምትኩ ከገደሉ ግርጌ ያለ መንደር ያቃጥላል። አንዱ መንደር ከነጎተራው አመድ ሆኖ ነበር።

ካፒቴኑ አልጮኸም፣ አልዛተም። ለአሊዪ ወንበር አቀረበለት። ነገሩን የሚያመላልሰው አስተርጓሚ ተክሌ ነበር፤ የደብረ ሲና ልጅ፣ ቀድሞ የዜማ ተማሪ፣ አሁን የጣሊያን ኮት የለበሰ። ካፒቴኑ ስለ ዋርካው ሥርዓት ከእርሱ ሰምቶ ኖሮ ያማረ ባህል ነው ሲል አመሰገነ፤ ሽፍቶቹ በዚያው ሥርዓት ይግቡ አለ። የገባ አይገደልም፣ ወደ ማሳው ይመለሳል፣ በየገበያው ቀን ብቻ ለጦር ሰፈሩ ይታያል። ክረምቱ እስኪጠና ካልገቡ ግን በገደሉ ሥር ያሉት መንደሮች በተራ ይቃጠላሉ። ጠበንጃዎቹም ከመሐላው በኋላ ወደ ጦር ሰፈሩ ግምጃ ቤት ይሄዳሉ።

አሊዪ እንዲህ ከሆነ እርቅ አይባልም ብሎ ተከራከረ። በሚገባ ተከራከረ፤ ይህን መካድ አይገባም። መጨረሻ ላይ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላስ ይመለስላቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ አንድ አጭር ቃል ተናገረ።

«ይታያል ብለዋል» አለ ተክሌ።

አሊዪ ያንን «ይታያል» ይዞ ወጣ። ወንዝ የሚወስደው ሰው የያዘውን ሥር አይመረምርም ይባል ይሆናል። አሊዪ ግን ሥሩ የበሰበሰ መሆኑን ሳይመረምር ያውቅ ነበር። የሚቃጠሉትን መንደሮች ማሰቡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ጋር አንድ ትንሽ ነገር ነበረች፤ አገር የያዘው ኃይል፣ አውሮፕላንና መድፍ ያለው ኃይል፣ ያለ እርሱ ዱላ የማይሆንለት ነገር አግኝቶ ወንበር አቅርቦለት ነበር። ያቺ ትንሽ ነገር ሚዛኑን ምን ያህል እንዳዘነበለች አሊዪ ራሱን አልጠየቀም። መጠየቅ የነበረበት ግን እርሱ ብቻ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ለሩቂያ ሁሉንም ነገራት። እርሷ ማሽላ ታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን አስቀምጣ ጠበንጃው እንደማይመለስ ለሚገቡት ልጆች ይነግሯቸው እንደሆነ ጠየቀችው። ጊዜው ሲደርስ እነግራቸዋለሁ፣ አሁን ብነግራቸው አይገቡም፣ ካልገቡ መንደሩ ይቃጠላል አላት።

«እንግዲያው ዋርካው ይዋሽልዎታል» አለች ሩቂያ፤ ሰፌዷንም አነሣች።

ወደ ገደሉ በቀን ወጣ፤ አበጋርን በመንገድ ላይ የሚያቆም የለም። አርበኞቹ በአንድ ዋሻ አፍ ተቀምጠው ተቀበሉት። ይልማ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ እኔ እቆያለሁ አለ፤ ሰላም ከሆነ ሰላሙ አይሸሽም፣ ደርሼበት እገባለሁ አለ። ተሰማና ሌሎቹ ወጣቶች ግን ልባቸው ወደ ታች ነበር። ዝናቡ ጀምሯል፣ የተሰማ እናት በላይነሽ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ናት፣ ማሳውም ዘር ይጠብቃል። ከመካከላቸው አየለ የሚባል ቀልደኛ ነበረ፤ ጣሊያኑ ጠበንጃ ሲሻገር ሱሪው እንዳይተረተር፣ መርፌና ክር ይያዝለት ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ተሰማም ስቆ ሲያበቃ ወደ አሊዪ ዞረ።

«በወጉ ነው አይደል አበጋር?»

«ዋርካው ሥር ነው» አለ አሊዪ።

«ዋርካው ሥር ከሆነማ በወጉ ነው።»

አሊዪ እዚህ ላይ ዝም አለ። ቀጥሎ ያለው ቃል ግን ከልቡ የወጣ ነበር፤ ተሰማን በትከሻው ይዞ «የዘንድሮን ማሽላህን በገዛ እጅህ ታጭዳለህ፤ ይህ ቃሌ ነው» አለው።

ስለዚህ አሊዪ ሐሰት አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ራሱን የሚያጽናናው በዚህ ነበር፤ ቃል በቃል ቢመረመር አንድም ውሸት አይገኝበትም። ነገር ግን ሰው በምላሱ ብቻ አይዋሽም። እነዚያ ልጆች ከእናታቸው ጀርባ ሳይወርዱ ጀምሮ ያዩትን ሥርዓት አምነው፣ ያልተነገራቸውን እንደተነገራቸው ቆጥረው እንደሚመጡ ያውቅ ነበር። የአባቱን ወግ በእርሱ ፋንታ እንዲዋሽ ላከው።

የእርቁ ቀን ዝናብ አልነበረም። ከገደሉ የወረዱት ምንሽራቸውንና ውጅግራቸውን በተርታ አጋደሙ። አሊዪ ዱዓ አደረገ፤ የገበያተኛው አሜንታ ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ። ገቢዎቹ ተሻግረው ማሉ። ካፒቴኑም ሰዓቱን አይቶ በጫማው ተሻገረ፤ ሱሪው አልተተረተረም፣ አየለም አንገቱን ደፍቶ ሣቁን ዋጠ። ከዚያም ሁሉም አሊዪን ጠበቁ።

አሊዪ ጎንበስ አላለም። ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ተሰማ በተራው መጀመሪያ ላይ ስለ ነበረ እንደ ወጉ ሁለት እጁን ዘርግቶ መዳፉን ከፍቶ ጠበቀ። ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ከዋርካው ጀርባ ወጥተው ጠበንጃዎቹን እንደ ማገዶ እየታቀፉ መሰብሰብ ጀመሩ። የተሰማ እጆች ተዘርግተው ቆዩ። መጀመሪያ ያልገባው መሰለ፤ ቀጥሎ የገባው መሰለ፤ እጆቹን ግን ወዲያው አላጠፋቸውም፣ አሊዪ እንዲያያቸው የፈለገ ይመስል። አሊዪ የዋርካውን ሥር ተመለከተ።

ክረምቱን ሙሉ አሊዪ ለገቢዎቹ ሠራ። በሬ ለሌለው በሬ ለመነለት፤ አርበኞቹ በጫካ ሳሉ እህሉን ወስደውበት ከነበረው ገበሬ ጋር አስማማቸው፤ ሩቂያ ለበላይነሽ የማሾ ዘር ላከችላት። አሊዪ መመስገን ካለበት በዚህ ይመስገን፤ ከዚህ አልፎ ግን አይመስገን፤ ጎርፍ ያስገባ ሰው ውሃ በቅል ሲቀዳ ቢያመሽ ሥራው ነው።

መሣሪያ የሌለው ሰው በዚያ ቆላ እንዴት እንደሚኖር ተሰማ በየቀኑ ተማረ። ድሮ የድንበር ጠበኛው የነበረ ጎረቤት ከብቱን በማሳው ዳር እየነዳ፣ ቀና ብሎ እያየው ያልፋል። ባንዶቹ ለመታየት ሲሰለፍ ትከሻውን እየነኩ እዚህ ላይ ይነገት የነበረውን ጠበንጃ ምን በላው ይሉታል። ሴቶች በወንዝ መውረጃ «ገቢ» ብለው ይጠሩታል፤ ስድብም አይደለም፣ ሙገሳም አይደለም። ከይልማ ጋር ገደል የቀሩት ጓደኞቹም ከዳተኛ ይሉት እንደሆነ አያውቅም። አሊዪ እየደጋገመ ወደ ጦር ሰፈሩ ሄዶ ስለ ጠበንጃዎቹ ይጠይቅ ነበር። «ይታያል» እየተባለ ይመለስ ነበር።

በጥቅምት ማሽላው ራሱን ሲያፈራ ካፒቴኑ እንደገና አስጠራው። በዚህ ጊዜም ወንበር ቀረበ። ያለፈው እርቅ ስላማረ አሁን ደግሞ ይልማ በዚያው ሥርዓት ይግባ አለ። በሚመጣው የገበያ ቀን አበጋሩ በዋርካው ሥር በሕዝብ ፊት ጥሪውን ይናገር፤ ወሬው በአንድ ቀን ገደል ይደርሳል። አሊዪ ቀድሞ የገቡት ጠበንጃቸው ሳይመለስ ይልማን መጥራት አልችልም አለ። ካፒቴኑ መነጽሩን አውልቆ አበሰ፤ እንግዲያው ገቢዎቹ በካሚዮን ተጭነው ወደ ሱማሌ አገር እስር ቤት ይሄዳሉ አለ፤ የአማጺ ዘመዶችን እዚህ የምቀልብበት ምክንያት የለኝም አለ። ቁጣ በድምፁ ውስጥ አልነበረም።

ተክሌ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘው። ከዓመት በፊት አሊዪን ሲያይ ከበቅሎ ይወርድለት የነበረ ሰው ነው፤ አሁን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይራመዳል።

«ምን ያስጨንቅዎታል አባ? አንዴ የተናገሩትን መድገም ነው» አለው። «ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው አንዲት ቆቅ ይዞ ወጥመዱን ወንዝ አይጥልም።»

«ወጥመዱ እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል? እኔማ አፍ ብቻ ነኝ።» ተክሌ ወደ ኋላው ወደ ጦር ሰፈሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወጣሁ እንዳይመስልዎት። እኔም እዚያው ውስጥ ነኝ።»

አሊዪ ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ ተሰማ ማሳ ሄደ። ተሰማ በማሳው መካከል ከእንጨት በሠራው ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ እያስጮኸ ወፍ ይጠብቅ ነበር። የማሽላው ራስ ቀልቶ ከብዷል፤ ያማረ አዝመራ ነበር። አሊዪ መሰላሉን ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ካፒቴኑ ያለውን ሳያስቀር ነገረው። ከሰኔ ወዲህ ለዚያ ልጅ ምንም ሳያስቀር ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ተሰማ ወንጭፉን እየጠቀለለ አዳመጠ። ወንድሜ ይመጣል አለ በመጨረሻ። እኔ ስታሰር ከሰማ ይመጣል፣ በእርስዎ ቃል ከተጠራም ይመጣል፣ የሚመጣው ግን ለመሞት ነው አለ። አሊዪም ይህን ስለማውቅ ነው ወደ አንተ የመጣሁት አለው፤ ቢባል ቢባል የወንድምህ ነገር ነው፣ ያንተም የነፍስህ ነገር ነው፣ ጥራው ካልከኝ እጠራዋለሁ፣ ተው ካልከኝ እተወዋለሁ አለ።

ተሰማ የጠቀለለውን ወንጭፍ መልሶ ፈታ።

«አይሆንም አበጋር» አለ። «ያን ጊዜ ዋርካውን አስዋሹት። ዛሬ ደግሞ እኔን ሊያስፈርዱኝ ነው? ይህን እኔ አልወስንልዎትም።»

አሊዪ ከማማው ወረደ። በዚያ ሳምንት በየትኛውም በኩል መውጫ ፈለገ። እንዳይሸሽ፣ እርሱ ቢጠፋ ገቢዎቹ ይጫናሉ። እንዳይታመም፣ ካፒቴኑ ሐኪም ይልካል። እንዳይሞት፣ ይህንንም አስቦት ነበር፣ የሞተ አበጋር ዱላ ለሷሊሕ ያልፋልና ጥያቄው ወደ ልጁ ይዞራል። ሩቂያን ምን ላድርግ ብሎ ጠየቃት። እርሷ ደግሞ ያን ቀን የነገርኩዎትን አልሰሙ፣ ዛሬ የምነግርዎት ሌላ የለኝም አለችው። ዙሪያውን ሁሉ ነካካ፤ አጥሩ የተሠራው ከገዛ ቃሉ ነበር፣ ስለዚህም ክፍተት አልነበረውም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ካፒቴኑ ዋርካው ሥር ወንበሩን አስቀምጦ፣ ተክሌን በጎኑ አቁሞ ተቀመጠ። ገቢዎቹ ጧት ተሰልፈው ታይተው ነበርና በገበያው ውስጥ ተበታትነዋል። ተሰማ ጨው ተራ አጠገብ ቆሟል፤ አየለ ከአንዲት ቅቤ ሻጭ ጋር ይቀልዳል። አሊዪ ጥምጣሙን አሳምሮ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ዋርካው መጣ። ሰዉ ወደ እርሱ ዞረ።

አሊዪ ጥሪውን አልተናገረም። በሰኔ ጠበንጃዎቹ በተጋደሙበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ የወይራ ዱላውን መሬት ላይ አጋደመ። ቀና አለ። ከዚያም ቀሚሱን ሰብስቦ ተሻገረው።

አንዲት አሮጊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።  የአገሩ ሰው ሁሉ የሆነውን አወቀ፤ በዚህ ሰው ቃል የገባ ዋስ እንደሌለው፣ በዚህ ሰው ቃል የሚጠራም እንዳይመጣ። ገበያተኛው ሳይሮጥ፣ ሳይጮህ፣ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ጨው ተራ አጠገብ ቆሞ የነበረው ተሰማ በዚያ አልነበረም።

ካፒቴኑ ተክሌን ምን አደረገ ብሎ ጠየቀው። የዜማ ተማሪ የነበረው ተክሌ በጣም በዝግታ ተናገረ፤ ዱላው ወደቀበት አለ። በዚያች ቀን ተክሌ አንድ ነገር ተርጉሞ አንድ ነገር አስቀርቷል፤ ምክንያቱ ድፍረት ይሁን ፍርሃት ለማንም አልነገረም። ካፒቴኑ ሽማግሌው ስላሳዘነው ወይም ቶሎ ወደ ጥሪው እንዲገባ ስለፈለገ ከወንበሩ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ ዱላውን በገዛ እጁ አነሣና አቧራውን አራግፎ ለአሊዪ ዘረጋለት።

ሰዉ ይህን አየ። በሰኔ ያልተደረገው፣ እርቁን እርቅ የሚያደርገው ነገር፣ አሁን በማይገባ ሰው እጅ፣ በማይገባ ጊዜ ተደረገ። አሊዪ እጆቹን በጎኑ አንጠልጥሎ ቆመ። ካፒቴኑ ዱላውን ይዞ ጥቂት ጠበቀ፤ ዙሪያውን ያሉትን ፊቶች ተመለከተ፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር እንዳልገባው ገባው።

ፊሽካ ተነፋ። ወንዙን ቀድመው የተሻገሩት ገቢዎች በቁጥቋጦው ውስጥ አመለጡ፤ ባዶ እጃቸውን ገደሉን ወጡ። ሁሉም ግን አላመለጡም። አየለ ለቅቤ ሻጯ የጀመረውን ቀልድ ሊጨርስ ጀርባውን ለዋርካው ሰጥቶ ስለ ነበር ዱላው ሲጋደም አላየም። ዘወር ሲል ክንዱ ተይዟል። ከሌሎች ጋር ካሚዮን ላይ ሲወጣ መርፌና ክር ያለህ ብሎ አስካሪውን ጠየቀው አሉ። ከሱማሌ አገር አልተመለሰም።

አሊዪ ሊያደርግ ያሰበውን ቢያንስ ለአንዱ ገቢ ሹክ ብሎ ቢሆን አየለ በዚያ ቀን ገበያ ባልወጣ ነበር። ልቤ እንዳይከዳኝ ፈርቼ ነው፣ አንድ ሰው ካወቀ ጦር ሰፈር ይደርሳል ብዬ ነው ይል ነበር በኋላ። ምክንያቱ ልክ ነው። በሰኔ የሰጠውም ምክንያት ልክ ነበር። ዝም ማለትን አንዴ የለመደ ሰው መልካም ሥራውንም በዝምታ ይሠራዋል፤ ዕዳውንም ሌላ ሰው ይከፍልለታል።

ካፒቴኑ ነገሩን ማታ ከሌላ ሰው አጣርቶ አሊዪን አሰረው፤ ጥቂት ቆይቶ ለቀቀው። ቃሉ የሞተ አበጋር ለማንም አይጠቅምም፣ ሰቅዬ ስም አልሰጠውም ብሎ ነው አሉ። ከሮቢት እንዳይርቅና በየገበያው ቀን እንደ ገቢዎቹ እንዲታይ አዘዘ። ተክሌ ወደ ሌላ ጦር ሰፈር ተዛወረ። ሷሊሕ የአባቱን እጅ ስሞ ወደ አሊዩ አምባ ወረደ፤ አበጋር የማይሆን ልጅ ግመል ይጫን ብሎ ቀለደ፣ ቀልዱ ግን ማንንም አላሳቀም። ይልማ ከገደሉ አልወረደም።

የተሰማ ማሽላ ግን በማሳው ቆሞ ነበር። ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና የሚወርድበት ጊዜ ነው፤ ጠባቂ ያጣ ማሳ በሦስት ጀንበር ራቁቱን ይቀራል። አሊዪ ማማው ላይ ወጣ። ወንጭፉን ተሰማ ጥሎት በሄደበት አገኘው። የራሱን ማሳ ለሩቂያ ትቶ ከማለዳ እስከ ጀምበር መግቢያ ድረስ እየጮኸ ጠበቀ፤ ድምፁ ዘጋ፤ ትከሻው አበጠ። አንዲት ራስ አላስነካም።

ኅዳር ሲጋመስ በላይነሽ ማጭዷን ይዛ መጣች። አሊዪ ከማማው ወርዶ ተቀበላትና እኔ ልጨድልሽ፣ ለልጅሽ ቃል ነበረኝ አላት።

«ቃሉ ‹በገዛ እጅህ› ነበር» አለች በላይነሽ። «ያንቱን እጅ ማን ጠራው?»

 መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ደግሞስ የእኔ ይሁን። የአየለ እናት ማሳ እንኳ የላትም። ለእሷ ምን ያጭዱላታል?»

ብቻዋን አጨደች። አሊዪ እንዲቀመጥም እንዲሄድም አልነገረችውም፤ ስለዚህ እዚያው ቆሞ አየ። ከዳር ዳር እያጨደች መጥታ ማማው ዙሪያ ስትደርስ ማጭዷን አቆመች። በመካከል የቀረውን ጥቂት ትልም እንዳለ ተወችው። ይህ የተሰማ ነው አለች፤ ከመጣ ያጭደዋል፣ ካልመጣም የወፍ ነው። ነዶዋን ተሸክማ ሄደች።

አሊዪ ተመልሶ ማማው ላይ ወጣ። በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ታጭዶ ስለ ነበረ የቆላው ወፍ በሙሉ ወደዚያች ጥቂት ትልም ይመጣ ነበር። ጠብቅ ያለው የለም፤ ተው ያለውም የለም። ከማማው ላይ ዋርካው ይታየዋል፤ ከሥሩ ሰዎች ሲሰበሰቡ ያይ ነበር፣ ምን እንዳጣላቸው ግን የሚነግረው አልነበረም። ወፉ ሲመጣ ተነሥቶ ወንጭፉን ያዞራል፤ ሲሄድ ይቀመጣል።

በየገበያው ቀን ግን ሊታይ ወደ ጦር ሰፈሩ መሄድ ነበረበት። ተሰልፎ፣ ታይቶ፣ የቻለውን ያህል ፈጥኖ ይመለሳል። ሲደርስ ሁልጊዜ ጥቂት ራሶች ፍሬያቸው ተለቅሞ፣ ገለባቸው ብቻ ቆሞ ያገኛቸዋል።